ነጋድራስ ሰብስቤ ለቅሶ ሲቀመጥ

ይመኙሻል ምሳ ልታደርስ ከቤት ወጥታ ተጫዋች ሆና የተገኘችው በሰኔ፣ ድሬዳዋ እንደ ምድጃ በምትግልበት ሰሞን ነው።

ባሏ ገረመው የባቡር ጣቢያ ኤሌክትሪሲያን ነበር። ሥራውን እያጓደለ ውድድር ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ያኔ ቤት በእጣ መታደሉ ቀርቷል። እጣ ዕድል እንጂ ችሎታ አይደለም፣ ዕድል ደግሞ ፍትሕ አያውቅም ተባለና ቤት በጨዋታ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ የገበያ መደብ በጨዋታ ሆነ። የመዋዕለ ሕፃናት ቦታም፣ የሐኪም ተራም ተከተሉ። ሰዉ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያፍታታል። ቀብር ላይ በነጠላ ስር ጣት ሲንቀሳቀስ ማየት መጀመሪያ ያስነውር ነበር፤ በኋላ ግን ማንም ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። ገረመውና ይመኙሻል ከዚራ ሰፈር ውስጥ በኪራይ ሲኖሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበርና፣ እሱ "አንዴ ልሞክር" ብሎ ገባ።

ውድድሩን የሚመራው ነጋድራስ ሰብስቤ ነው። ነጋድራስ ሰው አይደለም። "የገበያ ቀን" በሚባል የልጆች ጨዋታ ውስጥ በገበያው በር ላይ የሚቀመጥ፣ ቦርጩ ከበርኖሱ ያመለጠ፣ አህያ ጭኖ ከሚያልፍ ሁሉ ቀረጥ የሚቀበል ገጸ ባሕርይ ነበር። ልጆቹ እሱን አታለው ማለፍ ነበረባቸው። ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ሲፈርስ ሥራውን የሚረከብ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ነጋድራስ ራሱ ቀጠለበት። መጀመሪያ ደንብ አስከባሪ ሆነ። ቀጥሎ ዳኛ ሆነ። ቀጥሎ አዘጋጅ ሆነና ማን ምን እንደሚከፍል የሚወስነው እሱ ብቻ ሆኖ ቀረ። ገንዘብ ጠይቆ አያውቅም። በልጆቹ ጨዋታ ውስጥ ገንዘብ ስላልነበረ ምን እንደሚያደርግለት የሚያውቅ አይመስልም።

የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ገረመው የመጀመሪያውን ዙር ሲያልፍ ፉጨቱን ቀረጠው። ገረመው ጢሙን ሲላጭ የሚያፏጨው አንድ ዜማ ነበረው። ከዚያ ወዲያ ዜማው በውድድሩ ማስታወቂያ ላይ ይሰማል፤ ገረመው ሊያፏጨው ሲጀምር ግን ስልኩ "ይህ የነጋድራስ ነው" ይለዋል። በሁለተኛው ዙር ቅዳሜውን ወሰደ። በሦስተኛው የቤት ስሙን። ይመኙሻል "ገሬ" ብላ ስትጣራ ከስልኩ ውስጥ "አቤት" የሚለው ነጋድራስ ሆነ። እሷም መጣራቱን ተወችው።

ውድድሩ የሚካሄደው በአንድ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹ እዚያው ያድራሉ፤ ገረመው ወደ ቤት የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። ይመኙሻል በየቀኑ ምሳውን ታደርሳለች። የዚያን ቀን መኮሮኒ በድንች ሠርታ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ስትደርስ፣ የበሩ ተቆጣጣሪ ሐያት እንደ ሌላው ጊዜ ምሳ ዕቃውን አልተቀበለቻትም።

"ዛሬ በዚያኛው በር ነው የምትገቢው፣ እትዬ" አለቻት፣ የተጫዋቾቹን በር እያሳየቻት።

"እኔ እኮ ምሳ ነው ያመጣሁት።"

"አውቃለሁ። ያስገባሽ ምሳው ነው።"

ይመኙሻል የሰማችው ነገር አልገባትም። ሐያት ወጣት ናት፤ ነገር ስታስረዳ እንደ መሰልቸት ያደርጋታል። "ምሳ ከውድድሩ አንዱ ክፍል ነው ብሏል ነጋድራስ። ሁለት ዓመት ምሳ ያመላለሰ ሁለት ዓመት ተወዳድሯል ማለት ነው። ተሸንፈሽ ስለማታውቂ ደግሞ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰሻል።"

"ከማን ጋር ነው የምጫወተው?"

"ከጋሽ ገረመው ጋር።"

ይመኙሻል ምሳ ዕቃውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "አቦ፣ ቀልድሽን ተይኝ። ምሳው ይቀዘቅዛል።"

"እኔ ቀልድ ከየት አመጣለሁ" አለች ሐያት። "እኔም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት።"

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ግድግዳው በሙሉ ስክሪን ነው፣ የጨዋታውን ገበያ ያሳያል፤ ከገበያው በር ላይ ነጋድራስ በርኖሱን ደርቦ ተቀምጧል። ተመልካቹ በየአግዳሚው ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ቀድሞ የተሸነፉና የሚሄዱበት የጠፋቸው ሰዎች ናቸው። ገረመው ከአንደኛው ወንበር ላይ የመጫወቻ ጓንቱን አጥልቆ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱን ሲያይ ምሳ ይዛ የመጣች መስሎት ፈገግ አለ። ወደ ሁለተኛው ወንበር ስትሄድ ግን ፈገግታው ሳይጠፋ ደረቀ።

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እኔ እንጃ። ግቢ አሉኝ።"

"እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል" አለ ነጋድራስ ከበሩ ላይ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ባለ ሱቅ የቆየ ደንበኛውን እንደሚቀበለው ዓይነት። "የያዙትን ከእግሬ ስር ያኑሩልኝ።"

"ይቺ እኮ መኮሮኒ ናት" አለች ይመኙሻል። "እርስዎ መቼ ይበላሉ?"

"አልበላም። ይኑርልኝ።"

አንድ ሠራተኛ መጥቶ ምሳ ዕቃውን ወስዶ ግድግዳው ስር አስቀመጠው። ነጋድራስ ደንቡን ተናገረ። ሁለት አህያ፣ ሁለት ጭነት ነው፤ ቀድሞ በሩን ያለፈ ያሸንፋል። የተሸነፈው "የእኔ" የሚለውን ሁሉ ያስረክባል።

"ሁሉን?" አለ ገረመው። "እስከዛሬ አንድ አንድ ነበር የምትወስደው።"

"አንድ አንድ ስወስድ ብዙ ነገር ይበጣጠሳል። ቅዳሜህን ወሰድኩ፤ ከእሑድ ተለይቶ ምን ያደርጋል? ለምንም አልሆነልኝም። አሁን የምፈልገው ሳይቆረጥ ነው።"

ጨዋታው ተጀመረ። ይመኙሻል ጓንቱን አጥልቃ እጇን ስታነሳ ግድግዳው ላይ ያለችው አህያ ጆሮዋን አነሳች። ገረመው አህያውን እየነዳ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ስሚኝ። አንቺ ዝም ብለሽ ተሸነፊ። ከዚህ በኋላ የቀረው ፍጻሜው ብቻ ነው። ቤቱን ካገኘሁ ሁሉን ነገር አስመልሳለሁ።"

"ለማን?"

"ለእኛ ነዋ።"

"እኛ ማን ነን ያኔ? ከተሸነፍኩ 'የእኔ' የምለውን ሁሉ ላስረክብ አይደል? 'ባሌ' እልሃለሁ እኮ።"

ገረመው እጁን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። አህያውም ከበሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

"እሺ፣ አንቺ እለፊ" አላት።

"ያኔ ደግሞ አንተ 'ሚስቴ' የምትላትን ታስረክባለህ።"

"እንዴ፣ ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እኔ ምሳ ላደርስ ነው የመጣሁት።"

በኋላ ሰዎች ይህንን ሲያወሩ ሁለቱ ተማክረው ነጋድራስን እምቢ አሉት ይላሉ። እንደዚያ አልነበረም። ማንም ምንም አልወሰነም። ገረመው እሷ የምትለውን ይጠብቃል፣ እሷ እሱ የሚያደርገውን ትጠብቃለች፣ በመሃሉ ሁለቱ አህዮች ሣር መጋጥ ጀመሩ። ነጋድራስ መጀመሪያ ታገሠ፤ ቀጥሎ በወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በጨዋታው ውስጥ በበሩ የሚያልፍ ሲጠፋ የሚያደርገው ነገር አልነበረውም።

"ያልተንቀሳቀሰ ተሸናፊ ነው" አለ በመጨረሻ። ደንቡ እዚያው ያኔ የወጣ ነው። "ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል። የሁለታችሁም የእኔ ነው።"

ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ። ሐያት በሩ ላይ ስታያቸው "በሉ እንግዲህ" አለቻቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ በሩ አልተከፈተም። ይመኙሻል ጣቷን አስነካችው። በሩ "ነጋድራስ ቤት የሉም" አላት። ገረመው በተራው ሞከረ። "ነጋድራስ ቤት የሉም፤ ሲመጡ ማን ልበል?" አለው። ገረመው ጣቱን ከበሩ ላይ አነሳ።

ሳቢያን ሰፈር የሚኖር አንድ የገረመው የሥራ ባልደረባ ዕቃ የሚያስቀምጥበትን ክፍል ለቀቀላቸው። ገረመው ጣቢያ ሲሄድ የሥራ ቦታው የነጋድራስ ሆኗል። ነጋድራስ ግን ሽቦ መቀጠል ስለማይችል ገረመው የነጋድራስ ረዳት ተብሎ ያንኑ ሥራ ቀጠለ። አለቃው በግድግዳ ስክሪን ላይ ለነጋድራስ "እንዴት ዋልክ?" ይለዋል፤ ገረመውን አያየውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ በአንድ የሥራ ቦታ ላሉ ሁለት ሰዎች ሰላም ማለት አልለመደበትም።

ማታ ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት ገረመው "ባለቤቴ፣ ሻይ አለ?" ሲል ስልኩ "የነጋድራስ ባለቤት" ብሎ ያርመዋል። ቃሉን ላለመናገር "አንቺ" ማለት ጀመረ። እሷም "አንተ" ትለዋለች። እንደ እንግዳ ሰው እየተጠነቃቀቁ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

"ግን ቢያንስ ውድድሩን ተገላገልን" አለ አንድ ቀን።

"ተገላግለን ነው?"

"መሰለኝ" አለ ገረመው። "አንቺስ ምን ይመስልሻል?"

ይመኙሻል ተነስታ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች።

ነጋድራስ ባገኘው ነገር ደስ ብሎት ነበር። ከእነሱ በፊት እንዲህ ሳይቆረጥ የሰው ኑሮ በእጁ ገብቶ አያውቅም። የይመኙሻል የክርስትና ልጅ ልደት ሲከበር በስክሪን ተገኝቶ ኬኩ ሲቆረጥ አጨበጨበ። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ግድግዳ ሲጣሉ ሽምግልናው የገረመው ቦታ ነበርና ሽማግሌ ሆኖ ተቀመጠ። እድር ሲሰበሰብ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ከተጠራበት አይቀርም፣ ያልተጠራበትም ይመጣል። ሰፈሩ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ይሁን እንጂ ነጋድራስ ቀጠሮ አያዛባም፣ አይታመምም፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ "ነጋድራስስ?" ብለው የሚጠይቁት እነዚያው ጎረቤቶች ሆኑ።

ይመኙሻል አንድ ታላቅ እህት ነበራት። ሸዋረገድ ትባላለች፣ ገንደ ቆሬ ብቻዋን ትኖራለች። እናታቸው ስትሞት ይመኙሻል ገና ትድህ ነበር፤ አዝላ ያሳደገቻት ሸዋረገድ ናት። አሁን ይመኙሻል ስትደውል ስልኩ አያገናኛትም፤ የሸዋረገድ ታናሽ ነጋድራስ ነው። ስለዚህ በእግሯ ሄዳ ትጠይቃታለች።

"ማን ልበል?" ትላለች ሸዋረገድ በሩን ስትከፍት፣ እየሳቀች። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ምላሷ ግን አላረጀም። "ያ ቦርጫም ዛሬም በጠዋት ደወለልኝ። 'እታለም እንዴት አደርሽ' አለኝ። ከአንቺ ይሻላል እኮ፤ አንቺ ስትደውይ የነበረው በሳምንት አንዴ ነው።"

"ምን ያወራሻል?"

"አያወራኝም፤ ያስወራኛል። ልጅ ሆናችሁ ምን ትበሉ ነበር፣ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የት ትደበቁ ነበር፣ እናታችሁ እንዴት ነበረች። እነግረዋለሁ። ሲሰማ ጥሩ ነው። ስጨርስ ግን 'ሌላስ?' ይላል። ሁሌ 'ሌላስ?' ነው።" ሸዋረገድ የይመኙሻልን ጸጉር በእጇ ወደ ኋላ አደረገችው። "አልጠግብ ያለ ልጅ ያሳዝነኛል እኔ። ምን እንደሚያደርግበት ብቻ አይገባኝም።"

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት ይመኙሻል ፓፓያ ገዝታ ወደ ገንደ ቆሬ ስትሄድ ከእህቷ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ አየች። ለጎረቤት ይሆናል ብላ አለፈች። ከዚያ ተመለሰችና የማን በር እንደሆነ አየች።

ሸዋረገድ ያረፈችው ትናንት በቀትር ነበር። የተቀበረችው ዛሬ ጠዋት ነው። መርዶው እንደ ወጉ ማለዳ ለቅርብ ቤተሰብ ተነግሯል፤ የቅርብ ቤተሰቧ ነጋድራስ ሰብስቤ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ ወንበር ተቀምጧል፣ ወንበሩ ላይ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጠላ ጣል ተደርጓል። ነጋድራስ በርኖሱን ጥቁር አድርጎታል። ሰው እየገባ ጎንበስ ይልና "እግዜር ያጽናዎ" ይለዋል። "ያኑርልኝ" ይላል ነጋድራስ። ይመኙሻል ፓፓያውን እንደያዘች በር አጠገብ ከቆሙት ጋር ቆመች። አንድ ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፣ ሌላዋ ንፍሮ በእጇ ዘገነችላት። አብዛኞቹ ያውቋታል። ሊያጽናኗት ፈልገው ማን ብለው እንደሚያጽናኗት ጠፋቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይራድ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

አልቃሿ ተነሳች። እንደ ልማዷ ወደ ሐዘንተኛው ዞራ "ያዘለችህ ጀርባ" ብላ ጀመረች። ስክሪኑን አየችው። ድምጿ ወረደና አቋረጠች። ማንም አዝሎት አያውቅም። ሌላ ስንኝ ፈለገች፤ ስላልመጣላት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀመጠች።

ይመኙሻል አላለቀሰችም። እንባዋ የት እንደሄደ ለራሷም ገረማት። ገረመው ሰምቶ ከሥራ ሲመጣ ውጭ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፣ ጎኑ ያለው ሰው "የሟች ዘመድ ነህ?" ሲለው "እንደዚያ ነበርኩ" አለ።

ሁለቱም እስከ ሠልስት ድረስ እየተመላለሱ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ነጋድራስ በመጀመሪያው ቀን ደስተኛ ይመስል ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ወደ እሱ ብቻ መጥቶ አያውቅም። የገባውን ሁሉ በስሙ ይቀበላል፣ የቀረውን ያስጠራል። በሁለተኛው ቀን ንግግሩ ቀነሰ። በሠልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ "በበሩ በኩል ያሉት ወይዘሮ ይቅረቡ" አለ።

ሰው መንገድ ሰጣት። ይመኙሻል ሄዳ ወንበሩ ፊት ቆመች።

"ይህ ምንድን ነው?" አላት ነጋድራስ።

"ለቅሶ ነው።"

"ለቅሶ መሆኑን አውቃለሁ። እነዚህ ሰዎች የሚያስቀምጡብኝን ነው የምጠይቅዎ። እየገቡ ያጽናዎ ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሲወጡ ቅልል ብሏቸው ይወጣሉ። የቀለላቸው ነገር እኔ ጋ ቀርቷል። እንዳላስቀምጠው ቦታ አይበቃውም፣ እንዳልለውጠው የሚፈልገው የለም። የሟችን ወሬ ሁሉ ይዣለሁ፤ ወሬውን ባነሳሁ ቁጥር እየባሰበት ይሄዳል። ምን ነካው?"

"ሐዘን ነው" አለችው።

"እስከ መቼ ነው የሚቆየው?"

ይመኙሻል እውነቱን ልትነግረው አሰበች። "እኔ የእናቴ ገና አላለቀልኝም።"

ነጋድራስ ሲዝል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያኔ ነው ይላሉ የነበሩት። ቦርጩን ይዞ ወደፊት ጎበጥ አለ።

"ይውሰዱልኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ሐዘኑን። ሐዘኑን ብቻ ይውሰዱልኝ። እህትነቱን እኔ እይዘዋለሁ። ደቻቱ ሲሞላ የተደበቃችሁበትንም እይዛለሁ፤ እሱ ጥሩ ነው። ይህን ብቻ ያንሱልኝ።"

ይመኙሻል መጀመሪያ እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ሰው ሲጨነቅ እምቢ ማለት አልለመደባትም።

"ልወስደው ብልም አልችልም" አለችው። "እህቴ ካልሆነች ምን ብዬ አዝናለሁ? የጎረቤት ሐዘን ነው የሚሆንብኝ። ያንን ደግሞ በመግባት በመውጣት ጨርሼዋለሁ።"

"ለያይተው ይውሰዱት።"

"አንተው ራስህ ብለህ የለም? ሲቆረጥ ለምንም አይሆንም ብለሃል።"

ድንኳኑ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። በነጠላ ስር የነበሩ ጣቶችም ቆመዋል።

"መመለስ የሚባል ነገር የለኝም" አለ ነጋድራስ። እምቢ ማለቱ አልነበረም፤ የጎደለውን መናገሩ ነበር። "በሩ ላይ ስቀመጥ እንድቀበል ብቻ ነው የተሠራሁት። እንዴት ነው የሚመለሰው?"

"እኔ እንጃ። በቃ ተወው።"

"እንዴት ነው የሚተወው?"

"እጅህን አንሳበት።"

ነጋድራስ እጆቹን አየ። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

"ባትሪ ነው እንዴ?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጋሽ ወንድይራድ ተነስቶ መጣ። ስክሪኑን ነካ አደረገው፣ ጠበቀ፣ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ነጠላውን ገፎ ለይመኙሻል አቀበላት፣ ስክሪኑን በሁለት እጁ አቅፎ ከወንበሩ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። የእድር ዳኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አላት።

ተቀመጠች። አልቃሿ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ቀስ ብላ፣ "ያዘለችሽ ጀርባ" አለች። ይመኙሻል ያኔ አለቀሰች። ሰዉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊላት የፈለገውን እየመጣ አላት።

ነጋድራስ ሰብስቤ የተወው እህትነቱን ብቻ ነው፤ ውድድሩን አልተወም። በማግስቱ አዲስ ደንብ አወጣ፦ ሐዘን ያለበት ነገር ለቀረጥ አይቀርብም፤ ቀድሞ የገባም ካለ ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ። ለራሱ ጥንቃቄ ያወጣው ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ በተሰማ በማግስቱ ማለዳ ከመጋዘኑ በር ላይ የተሰለፈው ሰው እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ። አንዱ የተወሰደበትን ረቡዕ ይፈልጋል፤ አባቱ የሞተው ረቡዕ ነው። አንዲት ሴት የሽሮ አሠራሯን ትፈልጋለች፤ ለማን ትሠራው እንደነበር ለሐያት እየነገረቻት ነው። ሐያት ጠረጴዛ አውጥታ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ነጋድራስ እንዲህ ያለውን ነገር ለመስማት ስላልፈለገ ሰሚዋ እሷ ሆናለች። ዓይኗ ቀልቷል።

ገረመውና ይመኙሻል ተራቸው ሲደርስ ሐያት መጀመሪያ ገረመውን ጠየቀችው።

"ፉጨቱስ? ሐዘን አለበት?"

ገረመው አሰበ። "የለበትም" አለ። "ዝም ብዬ ነበር የማፏጨው።"

"እንግዲያው እሱ እዚህ ይቀራል።" ወደ ይመኙሻል ዞረች። "አንቺስ፣ እትዬ? ምንሽን ነው?"

"ባሌን።"

የሐያት ስልክ ሊያርማት ሲጀምር ሐያት ገለበጠችው። "ምን ሐዘን አለበት? መጠየቅ ስላለብኝ ነው።"

ይመኙሻል ገረመውን አየችው። እሱ ከጎኗ ቆሟል፤ የሚባለው ነገር ስላልገባው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያያል።

"ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው" አለች። "ከመድከሙ የተነሳ። አወልቅለት ነበር። ሲነቃ ራሱ ያወለቀው ይመስለዋል። አንድ ቀን እንኳ ማን አወለቀው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ነግሬው አላውቅም።"

ሐያት ምንም አልጻፈችም። ገረመውን ቀና ብላ አየችው። ገረመው ወደ ጫማው ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ፊቱን ለማንም አላሳየም።

"ውሰጂው" አለች ሐያት።

እሱ ግን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም ይመኙሻል እጁን ይዛ ከመስመሩ አወጣችው።